ፀሐይ በቱቦ

ሰው ሲዘረፍ ይጮኻል። እኔ ስዘረፍ ለዘራፊዎቹ ጠላ ቀዳሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ክፍሎች አሉት። የፊተኛው እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፤ በሩ ሲከፈት ይበራል። የኋለኛው የራሱ በር ስላለው ለአንድ መምህር አከራይቼዋለሁ። መካከለኛው የእኔ ነው። አልጋዬ፣ ሣጥኔ፣ ወንበሬና ዳዊቴ እዚያ ናቸው። በስተምዕራብ የሌላ ጎረቤት ግድግዳ ስለተለጠፈበት ይህ ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ እሱም በስተምሥራቅ ወደ ጎረቤቴ ወደ አቶ ሽባባው ግቢ ያያል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚያ ትገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስክነሣ ትጠብቀኛለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ተከባብረን ኖረናል።

አቶ ሽባባው እህል ነጋዴ ናቸው። አንድ የኅዳር ጠዋት ግንበኞች አስገብተው መሠረት አስቆፈሩ። ፎቅ ሊሠሩ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ ጎረቤት ቤት ሲሠራ ቆሞ አይታይም፤ ለሠራተኛው ጠላና ቆሎ ይዞ ብቅ ማለት ወግ ነው። እኔም ብቅ አልሁ። ውኃ ሲያልቅባቸው ከእኔ ቧንቧ ቀዱ። መሰላል ሲያጥራቸው የእኔን ወሰዱ። ብሎኬቱ በመስኮቴ ትይዩ ሲደረደር አጥር መስሎኝ ነበር። ወገብ ላይ ሲደርስ ጥሩ አጥር ነው አልሁ። ከራስ በላይ ሲሆን፣ ሌባ ፈርተው ይሆናል አልሁ። በሦስተኛው ቀን ጠላዬን ይዤ ስወጣ አንዱ ግንበኛ፣ "እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፤ በዚህ በኩል ጨረስነው" አለኝ። "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብዬው ገባሁ።

ገብቼ ወንበሬን አጣሁት።

መስኮቱን ወደ ውጭ ስገፋው ስንዝር ሳይሄድ ከብሎኬት ጋር ተጋጨ። በክፍተቱ እጄን አሾልኬ ዳበስሁ፤ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። የአምስት ጣቴ ምልክት እስካሁን እዚያ ሳይኖር አይቀርም። በአቶ ሽባባው ፎቅ ላይ ያለኝ ድርሻ ይኸው ነው።

"አቶ ሽባባው፣ መስኮቴስ?" አልኋቸው በማግሥቱ።

"መስኮትዎ ምን ሆነ እትዬ?"

"ታወረ።"

"እኛ እኮ አልነካነውም! ይኸው እንዳለ ነው። መስታወት አልተሰበረ፣ ማጠፊያ አልተነቀለ።"

እውነታቸውን ነው። መስኮቱ እንዳለ ነው፤ የጠፋው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ነገር ብቻ ነው። መጋረጃውንም አላወረድሁም። ግድግዳ የሚያይ መስኮት መጋረጃ ምን ይሠራለታል ብትሉኝ፣ እኔም አላውቅም፤ ማውረዱ ግን አቶ ሽባባውን ትክክል ነዎት ማለት መሰለኝ።

ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትሁ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ፋይል አገላብጦ የቤቴን ንድፍ አወጣና፣ "እማማ፣ እዚህ ላይ መስኮት የለም" አለኝ። አየሁት። ቤቴ አራት መስመር ነው። "በርም የለውም እኮ" ስለው፣ "በርዎን የነካ ሰው አለ እንዴ?" አለኝ። ከዚያ "ነገ ይምጡ" ተባልሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። "ነገ ይምጡ" የሚለውን ቃል ለስንት ሰው እንዳልሁት እግዜር ይወቀው። የዘሩትን ማጨድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነዶው ይህን ያህል ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም።

"በቀንም ቢሆን አምፖል አብሪ" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ፀሐይ ደጅ ቆማ እያለች አምፖል ማብራት፣ ምንጭ ዳር ተቀምጦ ውኃ እንደመግዛት ሆነብኝ። ደግሞም መብራቱ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ እኔ ቁጭ ካልሁበት ሳልነሣ እስኪመለስ እጠብቃለሁ፤ እንደ ባል።

በየካቲት ወደቅሁ። መካከለኛው ክፍል ከፊተኛው በአንድ እርከን ዝቅ ይላል። ሠላሳ ዓመት የወረድሁት እርከን ነው፤ ያን ቀን ግን እግሬ ሌላ እርከን ያለ መስሎት ፈለገ። የግራ እጄ አንጓ ዞረ። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰረልኝ። ወሬው ባሕር ዳር ደረሰ።

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ የሺ ናት፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ለፋሲካ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ በስልኳ መብራት እየመራች መካከለኛው ክፍል ገባች።

"እማዬ፣ ይሄ ጉድጓድ ነው።"

"ቤት ነው። የተወለድሽበት።"

"ብወለድበትስ? አንቺ ተሰብረሽ ልትሞችበት ነው? ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።"

"አልሄድም።"

"እንግዲያው ይብራ። ለመስቀል እመጣለሁ። ይህ ክፍል በቀን ያለ አምፖል ካልታየኝ፣ ዕቃሽን አስጭኜ እሄዳለሁ። አንቺንም ዕቃው ላይ።"

የሺ ቀልድ አታውቅም። ልጅ ሳለችም ድብብቆሽ ስንጫወት ተደብቃ መቆየት አይሆንላትም ነበር፤ ወጥታ "ይኸው ነኝ" ትላለች።

በዚያ ቤት መቅረት ለምን እንደፈለግሁ አስረጂ ብባል እቸገራለሁ። ኮርኒሱን የሠራው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። አቡጀዲውን እኔ ሰፋሁ፣ እሱ ወጠረ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የኋለኛው ክፍል ተከራዬ መምህር ጀማል ፊዚክስ ያስተምራል፤ አገሩ ወሎ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ስለ ብርሃን ካላነሡበት። እኔ አነሣሁበት።

"እማማ፣ ጣራዎ ላይ ብርሃን ሞልቷል" አለኝ። "ችግሩ ማውረድ ብቻ ነው።"

"በምን ይወርዳል? በገመድ?"

"በቱቦ።"

ታቹና ላዩ የተቆረጠ የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣ። በሩ ላይ ቆሞ አንዱን አፍ ወደ ፀሐይ፣ ሌላውን ወደ ቤቱ ውስጥ አዞረው። ማዶ ግድግዳው ላይ ክብ ብርሃን ተለጠፈ። እጁን ሲያንቀሳቅስ ብርሃኑ እንደ ታዘዘ ይሄዳል።

"ከጣራው እስከ ኮርኒሱ ሰፊ ቱቦ እንተክላለን። ላዩም ታቹም መስታወት ይሆናል፤ ውስጡ ያብረቀርቃል። ብርሃኑ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ይወርዳል። ጣራው አያፈስ፣ ኮርኒስዎ አይነሣ። በሌላው ዓለም ፋብሪካ ነው የሚሠራው። እኛ ግን አቶ ዘለቀ አሉልን።"

ጉድ የሠራን ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

አቶ ዘለቀ በከተማችን የታወቁ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። አሸንዳ ይሠራሉ፣ ጭስ ማውጫ ይሠራሉ። የሠሩት አያፈስም፣ አይዝግም፣ በነፋስ አይነቀልም። ጥፋታቸው ይኸው ነው። ሰነፍ ሠሪ ይሻለኝ ነበር። የቱቦውን ቁመትና ስፋት ነገርኋቸው። "ውስጡ ይጽዳ፣ ያብረቅርቅ" አልኋቸው። "ተይው ለእኔ እታለም" አሉኝ። ሰው "ተይው ለእኔ" ሲል መተው እንደማይገባ በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ ነበረብኝ።

በግንቦት ቱቦው መጣ። ጣራው ተቀደደ፣ ቱቦው ቆመ፣ ዙሪያው በሬንጅ ተደፈነ። ኮርኒሱን ለሰው አልሰጠሁም፤ ወንበር ላይ ወጥቼ እኔው በመቀስ ክብ አድርጌ ቀደድሁት። የሠላሳ ዓመት አቧራ ወረደብኝ። ከአቧራው ጋር አንድ ጉጠት ወረደ፤ ለጥቂት ራሴን ሳተኝ። ባለቤቴ ያኔ "ማን ወሰደብኝ" እያለ ሲፈልገው የከረመው ጉጠት ነው። ማንም አልወሰደበትም። ጠራርጌ ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ። ጨለማ ነው። ከቀድሞው ጨለማ የሚለየው ክብ መሆኑ ነው።

መምህር ጀማል አቶ ዘለቀ ወዳሉበት ጣራ ወጣ።

"አቶ ዘለቀ፣ ይሄ ላዩ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ቆቡ ነዋ።"

"የምን ቆብ?"

"የዝናብ። ቆብ የሌለው ጭስ ማውጫ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም።"

"ጭስ ማውጫ አይደለም እኮ! በቆርቆሮ ከተከደነ ብርሃኑ በየት ይግባ?"

"በጎን በጎኑ ክፍተት ትቼለታለሁ።"

መምህሩ በክፍተቱ እጁን አስገብቶ ውስጡን ዳበሰ። ጣቶቹ ጥቁር ሆነው ወጡ።

"ውስጡንስ ምን አደረጉት?"

"ፀረ ዝገት ቀለም ነው። ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ለእሷ ስል ነው እንጂ ለሌላ ሰው አንዴ ነው የምቀባው።"

መምህር ጀማል ጣራው ላይ ቁጭ አለ። እኔም ታች ቁጭ አልሁ።

"አቶ ዘለቀ፣ እኔ ቤት ጭስ የለም እኮ" አልኋቸው በቱቦው ወደ ላይ።

"ዛሬ የለም እታለም" አሉኝ በቱቦው ወደ ታች። "ቤት ነው፤ ይመጣል።"

አቶ ዘለቀ ሥራቸው ስለተነቀፈ ተቀይመው ሄዱ። መምህሩ የተማሪዎቹ ፈተና ደረሰበት። ቱቦው ቆቡን ደፍቶ ጣራዬ ላይ ቀረ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ የሚያምር ጭስ ማውጫ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ በማግሥቱ ማለዳ መጣች። "ዳቦው ደርሷል?" አለችኝ። "አልደረሰም" አልኋት፤ ምን ልበላት? "እንግዲያው ነገ እመጣለሁ" ብላ ሄደች፤ መጣችም። ሌላዋ ደግሞ አረቄ ማውጣት ጀመረች ብላ ባዶ ጠርሙስ በነጠላዋ ሸፍና መጣች። የጽዋ ማኅበርተኛዬ ናት፤ ስሟን አልጠራም። አረቄ እንደሌለ ስነግራት ጠርሙሱን እንደያዘች ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ።

አቶ ሽባባው ግን ወደ እኔ አልመጡም። "አዲሱን ቀለሜን በጭስ ልታጠቁርብኝ ነው" ብለው ለዚያው ቢሮ አመለከቱ። የእኔ ማመልከቻ ከታኅሣሥ ጀምሮ እዚያ ተኝቷል። የእሳቸው በሁለተኛው ቀን ተነሥቶ በእግሩ ቤቴ መጣ፤ ያው ወጣት ሠራተኛ ወረቀት ይዞ።

"እማማ፣ ምድጃው የት ነው?"

"ምድጃ የለም።"

"ያለ ምድጃ ጭስ ማውጫ?"

"ጭስ ማውጫ አይደለም። መስኮት ነው።"

ቀና ብሎ ጥቁሩን ጉድጓድ አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። "መስኮት" አለ ቀስ ብሎ።

"መስኮት የለዎትም ያልኸኝ አንተ አይደለህም? ይኸው አበጀሁ።"

አዘነልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከማን ጋር እንደምኖር፣ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ፣ "ጭስ አልተገኘም፤ ባለንብረቷ አርጅተዋል" ብሎ ጻፈ። በጨለማ የተጻፈ በግልባጩ ማንበብ የመዝገብ ቤት ሰው ሥራ መሆኑን አላወቀም።

በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ መምህር ጀማል ሥዕል ሥሎ አቶ ዘለቀ ሱቅ ሄደ። እንዴት እንዳስታረቃቸው አልነገረኝም፤ ሁለቱ አብረው መጡ፤ አቶ ዘለቀ ገና እንዳኮረፉ ናቸው። ያልተቀባ አዲስ የላሜራ ቱቦ ይዘዋል፤ ውስጡን በአመድና በሎሚ ፈትገው ፊት የሚያሳይ አድርገውታል።

"አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ" አሉት መምህሩን። "ዝናቡ በየት ይሄዳል?"

"በመስታወቱ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል።"

"የታለ መስታወቱ?"

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ለሠርጌ የተሰጠኝ ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ነበረኝ። ለክብር እንግዳ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥሁት ነው፤ ለእሱ የሚመጥን እንግዳ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ አልመጣም። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲገለበጥ በቱቦው አፍ ላይ ልክ ሆነ። አቶ ዘለቀ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

"እንዲህ በይኛ! የመስታወት ቆብ ነው የፈለግሽው።"

ለታችኛው አፍ ደግሞ ከታወረው መስኮት አንዱን መስታወት አወጣንና አስቆርጠን ገጠምነው። እሱም ሥራ ይዞ ይደር ብዬ ነው።

እኩለ ቀን ላይ አቶ ዘለቀ ሳህኑ ላይ የጣሉትን ማቅ አነሡ። ብርሃኑ ወረደ። አልጋዬን አየሁት፣ ሣጥኔን አየሁት፣ እርከኗንም አየኋት፤ ያን ሁሉ ጉድ የሠራችኝ የአንድ እጅ ያህል ናት። ዳዊቴን አንሥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁና አንድ መዝሙር አነበብሁ። ስጨርስ አቶ ዘለቀ ከጣራ ወርደው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆመዋል። መምህር ጀማል ሰዓቱን እያየ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ጥሩ ቀን ነበር።

እርግጥ ነው፣ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ ፀሐይ የአቶ ሽባባው ናት፤ ከፎቃቸው ስትተርፍ ነው ወደ እኔ የምትመጣው። እንግዳ መሆኗን ስላወቅሁ ትርፍ ሰዓት አልጠየቅኋትም። በሐምሌ በረዶ ሲወርድ ጃንጥላ ዘርግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ፤ የሠርግ ሳህኔ ግን ቻለችው። ትዳር ያየች ናት፣ በረዶ አይገርማትም።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ጨለማ ለካ የቤቴ ዋና ሠራተኛ ነበር። ግድግዳውን ሲያጸዳ፣ ጥላሸቱን ሲያነሣ፣ ስንጥቁን ሲደፍን ያለ ደመወዝ ከርሟል። እሱ ሲባረር ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ እኔ ዞረ። የሸረሪት ድሩን ጠረግሁ። ድሩ ሲነሣ ጥላሸቱ ታየ። ጥላሸቱን ስፍቅ ልስኑ አብሮ ረገፈ። ኖራ ቀባሁ። አንዱ ግድግዳ ሲነጣ ሦስቱ አፈሩ። ብርሃኑን ሊያዩ የመጡ ሴቶች ቀና ማለቱን ትተው ዙሪያውን ያያሉ።

"ውይ፣ ቤትሽ እንዲህ ነበር እንዴ?"

"እንዴት?"

"አይ፣ እንዲህ።"

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምሰሶውን ሳጸዳ፣ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን የአፈር መስመር አየሁ፤ እንደ ደም ሥር ያለ። ምስጥ ነው። መስመሩን በጨርቅ ጠረግሁና እንጨቱን በጣቴ ተጫንሁት። ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። አወጣሁት። እጄን ታጠብሁ።

መስቀል አራት ሳምንት ቀርቶታል። ከመስቀል በኋላ ለየሺ እነግራታለሁ አልሁ፤ ከመስቀል በኋላ አሠራዋለሁ አልሁ። ይህ ምሰሶ እኔ ሳላየው ስንት ዓመት ቆሟል፤ ባየሁት በአራት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል? ከታወረው መስኮት ላይ መጋረጃውን አወረድሁና ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አለበስሁት። እንዳይንሸራተት ወገቡን በመቀነቴ አሰርሁት። ራቅ ብዬ ሳየው አንዲት ረጅም ሴት ቤቴ ውስጥ ቆማ ትመስላለች። ለጌጥ ነው ይባላል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ስድሳ አምስት ዓመት ያለ ጌጥ የኖርሁ ሰው ነኝ።

የሺ ለደመራ መጣች። ሰማዩ ከማለዳው ደመና ነው። ክፍሉን አሳዪኝ ስትል ቁርስ ብዪ አልኋት። ቁርሱ ሲያልቅ ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። ሥራዋ ሲያልቅ ስለ ጎረቤቶቿ፣ የማላውቃቸውን እያንዳንዳቸውን። በእኔ ዝምታ ያደገች ልጅ ናትና ግራ ገብቷት ታየኛለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደመናው ተገለጠ። "ነዪ" አልኋት።

የሺ እርከኗን ወርዳ ቆመች። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ አዲሱ ኖራ ነጥቷል። ቱቦውን ቀና ብላ አየችና ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

"ውይ እማዬ" አለች። አልጋው ላይ ተቀመጠች። በእውነት ደስ አላት፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። "አሸነፍሽኝ። በቃ፣ ኑሪ። የአባዬን ፎቶ አሳድጌ አሠርቼ እዚህ እንሰቅለዋለን።"

ፎቶ የሚሰቀልበት ቦታ ፍለጋ ዞር ዞር አለች።

"ይሄ ምንድን ነው የለበሰው?"

"ምሰሶው ነው።"

"ለምን ለበሰ?"

"ይበርደዋል።"

በሕይወቴ ከቀለድኋቸው ጥቂት ቀልዶች አንዱ ነው። አልሳቀችም። ሄዳ መቀነቱን ፈታችው። ጣቷ የእኔ ጣት በገባበት ቀዳዳ ገባ።

አቶ ዘለቀ ያን ዕለት ሥራቸውን ለልጄ ሊያሳዩ አዲስ ኮት ለብሰው መጥተው ነበር። የሺ ወደ ምሰሶው ወሰደቻቸው። በመዶሻ እጀታ ከታች ወደ ላይ መታ መታ አደረጉት።

"ይሄማ ከእኔ ቱቦ ይልቅ ቱቦ ነው" አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና፣ "ግን ቀላል ነው። ጣራውን ደገፍ አድርጎ ይህን አውጥቶ በብረት መተካት ነው" አሉ።

"አቶ ዘለቀ" አለች የሺ፣ "ቱቦውን ውስጡን ጥቁር የቀቡት እርስዎ ነዎት አይደል?"

በስልክ ልትስቅበት ብዬ የነገርኋት እኔ ነኝ። አቶ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ።

"መቼ ነው ያየሽው?" አለችኝ።

"በነሐሴ።"

"አይተሽ ሸፈንሽው።"

ቀና ብዬ ቱቦውን አየሁ።

"ጨለማ ቢሆን 'አላየሁም' ትይኝ ነበር፤ አምንሽ ነበር። አሁን ግን ጣራው ባንቺ ላይ እስኪወድቅ መጋረጃ ስታለብሺ አላይም፤ ሌላ ምን እንደሸፈንሽ በምን አውቃለሁ?"

"በብረት ይተካል" ልላት አፌን ከፈትሁ። መቀነቴ በእጇ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

በመስቀል ማግሥት ዕቃው ተጫነ። ሣጥኔን፣ ወንበሬንና ዳዊቴን ይዣለሁ። ሳህኔን ከጣራ ላይ አላወረድሁም፤ ክረምት ሲመጣ ቱቦው ያለ ቆብ ይቀር ነበር፤ አቶ ዘለቀም አይወዱትም። ቤቱን የገዙት አቶ ሽባባው ናቸው። መምህር ጀማል በኋለኛው ክፍል እንዲቀር ለምኜላቸው እሺ አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያልነኩትን አይነኩም።

አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የልጄ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስድስት መስኮት አለው። ሁሉም ላይ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። ፀሐዩ ይሞቃል፣ ሶፋውንም ያነጣል። ዳዊቴን የምደግመው በእኩለ ቀን አምፖል አብርቼ ነው። የሺ ታከብረኛለች፣ በሰዓቱ ታበላኛለች። በዚህ ቤት ውስጥ የማይታይ ምንም ነገር የለም፤ የሚያየው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት መምህር ጀማል ደወለልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ጤናው ጠየቅሁት።

"ቤቱስ?" አልሁት።

"አቶ ሽባባው መጋዘን አደረጉት። ምሰሶውን በብረት ቀየሩት።"

"ስንት ቀን ፈጀ?"

መልሱን ሊነግረኝ እንዳልፈለገ ከትንፋሹ አወቅሁ።

"ግማሽ ቀን" አለ። "አቶ ዘለቀ ናቸው የሠሩት።"

"ብርሃኑስ?"

"ይገባል እማማ። እስከ ኮርኒሱ ጤፍ ተደርድሯል፤ ከላይኛው ጆንያ ላይ ያርፋል።"

ደህና ዋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ተነሥቼ ወንበሬ አጠገብ ያለውን መጋረጃ ትንሽ ገለጥ አደረግሁና ተቀመጥሁ። የሺ ከሥራ ስትገባ አየችው። ሄዳ መልሳ ጋረደችው።